የፓርከር ክዳኖች ደረጃ ይስተካከል፦ በ51 እና በ75 የብረት ገጽታዎች ላይ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፓርከር 51 እና ፓርከር 75 የተባሉትን የቀለም ብዕሮች ልዩ ልዩ ዓይነቶች በብረታቸው ገጽታ የሚያወዳድር አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ጽሑፉ ዓይነቶቹን ደርድሮ ደረጃ ሰጥቷቸዋል፤ ቲታኒየሙን አንደኛ፣ ስቴንለስ ስቲሉን ሁለተኛ፣ ወርቅማውን ሦስተኛ፣ ስተርሊንግ ብሩን ውራ አድርጓል። በመጨረሻም የጽዳትና የእድሳት ምክር አክሎበታል። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፤ የዓይነቶቹም ዝርዝር ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ደረጃው ግን በዓይን ብቻ የወጣ ነው። ላዩ ምን እንደሚመስል ታይቷል እንጂ ላዩ ከውስጡ ጋር እንዴት እንደተያያዘ አልተጠየቀም። ያ ሳይታወቅ የቱ ይበልጣል ማለትም ሆነ እንዴት ይጽዳ ማለት ግምት ነው፤ ምክሩን አምኖ የሚያጸዳ ሰው ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ይቀራል።

ብዕሮቹን ለማያውቅ ጥቂት እንበል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፓርከር 51 በ1941 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ጄንስቪል ከነበረው ፋብሪካ ለሰፊው ገበያ የቀረበ ነው። ገላው ሉሳይት የሚባል አክሪሊክ ፕላስቲክ፣ ክዳኑ ብረት ነው። ስለዚህ የ51 ዓይነት ሲባል ብዙውን ጊዜ የክዳኑ ዓይነት ማለት ነው፤ ገላውም ስቴንለስ የሆነው ፍላይተር የተባለው ነው። 75 በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጣ፤ ከክዳን እስከ ገላ ብረት ነው፤ ስም ያወጣውም ባለ ካሬ መስመሩ የስተርሊንግ ብር ዓይነት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይለይ። ጽሑፉ በ2020ዎቹ መጀመሪያ በ51 ስም እንደገና የወጣውን ብዕር ከቀድሞው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አስገብቶታል። የአዲሱ ክዳን ተሽከርክሮ የሚታሰር ነው፤ የቀድሞው ገፋ ሲያደርጉት ውስጡ ባሉ ስፕሪንግ ጣቶች ገላው ላይ ያለውን ቀለበት ይዞ ይቆማል። ቀለም የሚሞላውም በሌላ መንገድ ነው። የሁለቱን ክዳን ጭረት ማወዳደር የሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ጭረት ማወዳደር ነው። ከዚህ በታች 51 ስንል የቀድሞውን ነው።

ወርቅማው ሁሉ ቅብ ነው ስለተባለው

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ወርቅማ ክዳኖችን በጅምላ ወርቅ ቅብ ብሏቸው፣ ቅብ ስለሚለቅም ገንዘብ አይውጣባቸው ይላል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ወርቅማ የ51 ክዳኖች አብዛኞቹ ግን ቅብ ሳይሆኑ ወርቅ የለበሱ ናቸው። ቅብ የሚሠራው ዕቃው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወርቅ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ የወርቅ ሽፋን ይለጠፍበታል። ወርቅ የለበሰው የሚሠራው በተቃራኒው ነው። የወርቅ ቅይጥ ሰሌዳ ከናስ ሰሌዳ ጋር በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል፤ ሁለቱ አንድ ላይ በማሽን ተዳምጠው ይሳሳሉ፤ ክዳኑ የሚቀረጸው ከዚያ ወዲያ ነው። በእንግሊዝ አገር ኒውሄቨን ከነበረው የፓርከር ፋብሪካ በወጡት ላይ ሮልድ ጎልድ የሚለው ማህተም የሚናገረው ይህንኑ አሠራር ነው።

የውፍረቱን ልዩነት በሒሳብ እንየው። ክዳን ላይ 1/10 12ኬ የሚል ማህተም ካለ፣ ከብረቱ ክብደት አንድ አሥረኛው ባለ 12 ካራት ወርቅ ነው ማለት ነው። የክዳኑ ግድግዳ 0.3 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ ወርቁ ከናሱ ስለሚከብድ አንድ አሥረኛው ክብደት ወደ ውፍረት ሲመለስ 20 ማይክሮን ገደማ ይሆናል (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። በውስጥም በውጭም የለበሰ ከሆነ በየፊቱ 10 ማይክሮን። በአሜሪካ ደንብ አንድ ዕቃ በኤሌክትሪክ የተቀባ ወርቅ ቅብ ተብሎ ለመሸጥ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውፍረት ደግሞ 0.175 ማይክሮን ነው። በጣም ጠንቅቀን ብናሰላ እንኳ ልዩነቱ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ይለቃል ማለት ገዢን ማሳሳት ነው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ካራት ነው ብሎ ነው። ለብዕር ክዳን ግን ከካራቱ በፊት ክፍልፋዩ ይጠየቅ። 1/20 14ኬ የሚለው ማህተም በካራት ይበልጣል፤ ከ1/10 12ኬ ጋር ሲተያይ ግን በአንድ ዓይነት ግድግዳ ላይ ወርቁ ግማሽ ያህል ውፍረት እንኳ አይሞላም። ክፍልፋይ የሌለው የካራት ማህተም ብቻውን ካለ ደግሞ ክዳኑ እስከ ውስጡ ወርቅ ነው ማለት ስለሆነ፣ ዋጋው ከብዕር ዋጋ ወጥቶ ወደ ጌጥ ዋጋ ይገባል፤ ሳይመረመር አይገዛ።

ያለቀን ክዳን መለየት የሚቻለው 10 ጊዜ በሚያጎላ የወርቅ ሠሪ ማጉያ ነው። ሦስት ቦታ ይታይ፦ ኪስ ላይ የሚሰካው ቀስት መሰል ማንጠልጠያ ጫፍ፣ የክዳኑ አፍ ከንፈር፣ እና ከተቀረጸ መስመር አጠገብ ያለው ከፍ ያለ ጠርዝ። ወርቅ የለበሰ ክዳን ሲያልቅ ድንበሩ ጥርት ያለ ነው። ከንፈሩ ላይ ቢጫው ያልቅና ወዲያው ጠቆር ያለ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ዝገት ያዘለ የናስ መስመር ይጀምራል። ቅብ ሲያልቅ ግን ድንበር የለውም፤ ቀለሙ በሰፊው ይሳሳል፣ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ቀጭን የናስ መስመር ብቻ የሚታይበት ክዳን ገና ብዙ ዕድሜ አለው፤ ሰፊ ጭጋግ ያለበት ግን አብቅቶለታል።

የ75ን ቬርሜይም ጽሑፉ ከቅቦቹ ጋር አጉሮታል። ቬርሜይ በርግጥ ወርቁ ይቀባል፤ ነገር ግን የሚቀባው በስተርሊንግ ብር ላይ ሲሆን፣ አሁን ባለው የአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 2.5 ማይክሮን መሆን አለበት። ሲያልቅ ከሥሩ የሚወጣው ነጭ ብር ስለሆነ ከናስ ይልቅ ለዓይን ይቀላል። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ሥሩ ያለው ብር በሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል እየጠቆረ ወርቁ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ያን ነጠብጣብ ፈትጎ ለማስለቀቅ መሞከር ወርቁን መፋቅ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፤ በዚህ ያልለቀቀው ይቅር።

ሉስትራሎይ ይወልወል ስለተባለው

የ51 በብዛት የሚገኘው ክዳን ሉስትራሎይ ነው። ጽሑፉ ደብዛዛነቱን የክሮም ቅቡ ስለተፋቀ የመጣ አድርጎ፣ በብረት መወልወያ ቅባት እንዲያበሩት ይመክራል። ሉስትራሎይ ላይ ቅብ የሚባል ነገር የለም። ሉስትራሎይ ፓርከር ለደበዘዘ ስቴንለስ ስቲል ያወጣው የንግድ ስም ነው፤ ክዳኑ ከላይ እስከ ውስጥ አንድ ብረት ነው። ደብዛዛነቱ በፋብሪካ ሆን ተብሎ የወጣ ገጽታ ነው። በመወልወያ ቅባት ሲፈተግ የገጽታው ጥቃቅን ጫፎች ይቆረጡና ክዳኑ መስታወት ይሆናል። መልሶ ለማደብዘዝ ቢሞከርም ከአፉ ዳር ሆን ተብሎ የበራው ቀለበት አብሮ ይደበዝዛል፤ ሁለቱ ሲጠፋፉ ክዳኑ የነበረውን መልክ አያገኝም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ችግር አለ። ፓርከር በ1950 ረከስ ባለ ዋጋ 51 ስፔሻል የሚባል አውጥቶ ነበር። የእሱ ክዳን የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ነው፤ የኒቡም (የመጻፊያ ጫፉ) ብረት እንደሌሎቹ 14 ካራት ወርቅ ሳይሆን ኦክታኒየም የሚባል የብረት ቅይጥ ነው። አንድ ሰው ሉስትራሎዩን ወልውሎ ሲያበራው የዋናውን 51 ክዳን የስፔሻሉ ክዳን አስመሰለው ማለት ነው። ገዢው ክዳን የተቀየረበት ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ አይፈረድበትም።

ታዲያ የተጫረ ሉስትራሎይ ምን ይደረግ? ጥፍር የማይይዘው ጭረት ይተው። ጥፍር የሚይዘው ካለ፣ በማጉያ የገጽታው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ይታይና ለእንጨት ማለስለሻ ከሚሸጡት ስፖንጅ መሰል መፋቂያዎች እጅግ ደቃቁ ይያዝ፤ በዚያው አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ ከአምስት ስድስት ጊዜ በላይ ሳይመላለሱ ይሳብ። አፉ ላይ ያለው የበራ ቀለበት አስቀድሞ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። የብረት ሱፍ አይነካ፤ ተራው የብረት ሱፍ ፍርፋሪው ገጹ ላይ ይቀርና ራሱ ይዝጋል፤ ሰውም ስቴንለሱ ዛገ ይላል።

ጽሑፉ የገባ ጎድጓዳ ካለ በእንጨት ዘንግ ከውስጥ ገፍታችሁ አውጡት ይላል። የ51 ክዳን ውስጥ ሌላ የፕላስቲክ ክዳን ተቀብሯል፤ ከሱ በታች ደግሞ የስፕሪንግ ጣቶቹ አሉ። በዘንግ የሚገፋው ሰው የሚገፋው ጎድጓዳውን ሳይሆን የውስጡን ክዳን ነው። እሱ ከተሰነጠቀ አየር ስለሚገባ ኒቡ በተቀመጠበት ይደርቃል፤ ጎድጓዳው ግን ባለበት ነው። ትክክለኛው መንገድ ራስ ላይ ያለውን ፈርጥ በላስቲክ ቁራጭ ይዞ መፍታት ነው፤ ፒንሳ አይነካውም። ከዚያ ማንጠልጠያውን የያዘው ብሎን ይፈታል፣ ጣቶቹና የውስጡ ክዳን ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም ክዳኑ ልክ በልኩ በሆነ የብረት ቅርጽ ላይ ተሰክቶ ከውጭ በለሰለሰ ብረት ይታሻል። መሣሪያው የሌለው ሰው ጎድጓዳውን ቢተወው ይሻለዋል።

ብሩ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ውራ ነው ስለተባለው

ስተርሊንግ ብር 92.5 ከመቶ ብር ነው፤ የቀረው ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው። የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ የሰልፈር ጋዝ ጋር ተዋህዶ የብር ሰልፋይድ ስለሚሆን ነው። ንጹሕ ያልሆነ ወይም የተጭበረበረ ስለሆነ ነው የሚለው የጽሑፉ ጥርጣሬ መሠረት የለውም። እንዲያውም የማይጠቁር ብር ነው ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ 75 ካለ ልክ የሚጠረጠረው ያ ነው፤ ወይ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ወይ ከላዩ ሌላ ብረት ተለጥፎበታል።

ከዚህ የባሰው ግን የ75 ካሬ መስመሮች መሃል ያለውን ጥቁረት ቆሻሻ ብሎ በአሉሚኒየም ፎይልና በቤኪንግ ሶዳ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት ማለቱ ነው። ሲዝሌ የሚባለው ይህ ገጽታ የቆመው በዚያ ጥቁረት ላይ ነው። ፋብሪካው ጎድጎድ ያሉትን መስመሮች አጥቁሮ፣ ከፍ ያሉትን ካሬዎች አብርቶ ነው የለቀቀው። የፎይሉ ዘዴ በራሱ ለብር ክፉ አይደለም፤ ሰልፈሩ ከብሩ ተላቆ ወደ አሉሚኒየሙ ስለሚሄድ ብር አይበላም። ችግሩ አለመምረጡ ነው። የካሬውን ጥቁረት ሲያነሳ የመስመሩንም ያነሳል፤ ብዕሩ ወጥ የሆነ፣ ጥልቀት የሌለው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ተነክሮ ወዲያው ነጭ የሚያደርገው የሱቅ ፈሳሽ ደግሞ አሲድ አለበት፤ ማንጠልጠያው ሥር ገብቶ ከቀረ ከወራት በኋላ ቡናማ እድፍ እያወጣ ይፈሳል።

ሲዝሌ የሚጸዳው እንዲህ ነው። ኒቡና ቀለም መሙያው ይውጣ። የብር መጥረጊያ ጨርቅ ጠፍጣፋና ጠንከር ባለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በእርሳስ ላጲስ ላይ ተወጥሮ ይያዝ። ጨርቁ በጣት ከተያዘ የጣት ልስላሴ ወደ መስመሩ ውስጥ ይገፋዋል፤ ላጲሱ ላይ ሲወጠር ግን የካሬዎቹን አናት ብቻ ይነካል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በርዝመት፣ በአንድ በኩል አምስት ስድስት ጊዜ ተስቦ ብዕሩ ይዞራል። መስመሩ ውስጥ አቧራ ካለ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ከዚያ ይቁም፤ ካሬዎቹ ላይ ትንሽ ቢጫነት ቢቀር በእጅ አጠቃቀም ይለቃል።

ማስቀመጫውም ከማጽጃው አያንስም። ብር ላይ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ አይጠመጠም፤ ላስቲክ የሚጠነክረው በሰልፈር ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ የጥቁር ቀለበት ምልክት ይተዋል። ከሱፍ ጨርቅ ጋር፣ ወይም ጥቁሩ ጠንካራ ጎማ ከሆነው ከኤቦናይት ከተሠሩ አሮጌ ብዕሮች ጋር በአንድ ሳጥን አይቀመጥ። በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ከተቀመጠ መጥቆሩ በእጅጉ ይዘገያል። ከሁሉም የሚሻለው ግን በየቀኑ መጻፍ ነው፤ የእጅ ንክኪ ራሱ ካሬዎቹን ያበራል፣ መስመሮቹን አይደርስባቸውም። ለዕለት ጽሕፈት ከታሰበ ብሩ ውራ መሆኑ ቀርቶ ከሁሉም በቀላሉ የሚታደስ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ የማይመለስ ሽፋን የለውምና።

ቲታኒየሙ አንደኛ የሆነበት ምክንያት

ጽሑፉ ቲታኒየም ከሁሉ የጠነከረ ስለሆነ አይጫርም ይላል። ቲታኒየም የተወደደው በጥንካሬውና በክብደቱ መካከል ባለው ሚዛን ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.5 ግራም ነው፤ ስቴንለስ 7.9፣ ናስ 8.5፣ ስተርሊንግ ብር 10.4 ገደማ፣ አሉሚኒየም 2.7። ገጹ ግን ያለ ተጨማሪ ሽፋን ከተራ ስቴንለስ በብዙ የሚጠነክር አይደለም፤ ቁልፍ ካለበት ኪስ ውስጥ እኩል ይጫራል። በዚያ ላይ ቲታኒየም ከቲታኒየም ጋር ሲፋተግ የመያያዝ ጠባይ አለው። ብሎኑም ማሰሪያውም ቲታኒየም ከሆኑ ሲፈታ ይይዛል፣ ሲብስም ነክሶ ይቀራል። መድኃኒቱ ብሎኑ ላይ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የምትያዝ የሲሊኮን ቅባት ናት።

ፓርከር ራሱ በ1970 ቲ-1 የሚባል የቲታኒየም ብዕር አውጥቶ ነበር። ኒቡ ተለይቶ የሚሰካ ሳይሆን ከመያዣው ጋር አንድ ወጥ ነው፤ ከሥሩ ባለች ትንሽ ብሎን የቀለሙ አፈሳሰስ ይስተካከላል። ብዙ ሳይቆይ ምርቱ ተቋረጠ፤ ቲታኒየም ለመቁረጥም ለመቅረጽም አስቸጋሪና ውድ ነው። ለገዢ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኒቡ ከተጎዳ የሚቀየር ክፍል የለም። ብርቅ ነው፣ ያምራል፤ የዕለት ብዕር አድርጎ አንደኛ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከባዱ ጥራት ያለው ነው፣ ወርቅማውም ለስልሶ ይጽፋል ስለተባለው

ይህኛው አጭር መልስ ይበቃዋል። ወረቀቱን የሚነካው ከኒቡ ጫፍ ላይ የተበየደው ጠንካራ ቅይጥ ነው፤ ክዳኑ ወርቅ ይሁን ስቴንለስ አያውቅም። ከላይ ከተጠቀሰው ከስፔሻል በቀር የሉስትራሎዩም የወርቅማውም 51 ኒብ 14 ካራት ወርቅ ነው። አንዱ ለስልሶ ሌላው ሸካራ ሆኖ ከተገኘ፣ ልዩነቱ የቀደመው ባለቤት አጻጻፍና የጫፉ አቀማመጥ ነው።

ስለ ክብደት ከፓርከር ውጭ ጥሩ ማሳያ አለ። በ1966 የወጣውና ጌርድ አልፍሬድ ሙለር የነደፈው ላሚ 2000 የተባለ ብዕር ማክሮሎን በሚባል ፕላስቲክ ተሠርቶ ይሸጣል፤ በኋላ ደግሞ ገላው በሙሉ ስቴንለስ የሆነ ዓይነት መጥቷል። ኒቡ ያው 14 ካራት፣ ቀለም የሚስበውም ያው ፒስተን ነው። ስቴንለሱ ግን ከማክሮሎኑ ከእጥፍ በላይ ይመዝናል። የመጻፊያው ክፍል አንድ ሆኖ ሳለ ክብደት ብቻ ሲለወጥ የሚለወጠው የእጁ ድካም ነው። ፊርማ ለሚፈርም ከባዱ ይመቻል፤ ሦስት ገጽ ለሚጽፍ ቀላሉ።

ስቴንለስ አይዝግም፣ በበረኪና ይጽዳ ስለተባለው

ፍላይተር ላይ የደረቀ ቀለም በበረኪና ይለቃል ተብሏል። ይለቃል፤ ብረቱንም ይበላዋል። ስቴንለስ ሳይዝግ የሚቆየው ክሮሚየሙ በአየር ላይ በሚሠራው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ያንን ቆዳ በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። የሚወጣው ጉዳት እንደ ቀይ ዝገት ሰፍቶ አይታይም፤ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ጥቁር ቀዳዳዎች ይሆናል፣ በተለይ ፈሳሽ ተደብቆ በሚቀርበት በክዳኑ ከንፈርና በማንጠልጠያው ሥር። እነዚህን ለማጥፋት የቀዳዳውን ጥልቀት ያህል ዙሪያውን መፋቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ገጽታው አብሮ ይሄዳል። የእጅ ላብም ጨው ስላለው ቀስ ብሎ ይህንኑ ያደርጋል። የደረቀ ቀለም በለብ ያለ ውኃና በጠብታ ሳሙና ሌሊቱን ቢዘፈዘፍ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ውኃውን ቀይሮ መድገም ነው። ክዳን ከተዘፈዘፈ በኋላ በውስጡ ክዳንና በብረቱ መካከል ውኃ ስለሚቀር፣ በሶፍት ላይ አፉን ደፍቶ አንድ ቀን ሙሉ መተው ያስፈልጋል።

ሎሚና አመዱም አለ። ለናስ ዕቃ የቤት ባህል ስለሆነ ጽሑፉ ለወርቅማው ክዳንም መክሮታል። አመድ መፋቂያ ነው፤ ያቺን 10 ማይክሮን ወርቅ በየጽዳቱ ይቀንሳታል። ሎሚው ደግሞ ከንፈሩ ላይ የተጋለጠውን ናስ ዚንኩን ያስለቅቀውና መዳብ መሰል ሮዝ ቀለም ይተዋል። የጥርስ ሳሙናም ያው መፋቂያ ነው። ሳኒታይዘር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብረቱን ባይጎዳም አልኮሉ የ51ን የሉሳይት ገላ የፀጉር ያህል በቀጠኑ ስንጥቆች ይሞላዋል፤ ያ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ለኒብ ማጽጃ የሚያገለግለው አንድ እጅ አሞኒያ በ10 እጅ ውኃም ቢሆን ናስና አሉሚኒየም ባለበት ክፍል ላይ ተዘፍዝፎ አይደር፤ ለደቂቃዎች አፍስሶ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል።

ጽሑፉ ትክክል የተናገረው የክሮም ቅብ ሲላጥ በቤት አይጠገንም ያለውን ነው። ምክንያቱን እንጨምርበት። ክሮሙ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው፤ ለዓይን የሚታየውን ልስላሴና ከዝገት የሚከላከለውን ሥራ የሚሠራው ከሥሩ ያለው ወፍራም የኒኬል ሽፋን ነው። ክሮሙ ሲያልቅ ኒኬሉ ቢጫ አዘል ሆኖ ይወጣል። ኒኬል ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው መያዣው አካባቢ ክሮሙ ያለቀበትን ብዕር ባይጠቀም ይሻላል።

ከመሸጥ በፊት እንደገና ይቀባ ስለተባለው

የመጨረሻው ምክር ያለቀውን ወርቅማ ክዳን እንደገና አስቀብታችሁ ሽጡ የሚል ነው። አዲስ ቅብ ጭረትን አይሸፍንም፤ የጭረቱን ቅርጽ ተከትሎ ይለጠፋል። ስለዚህ ቀቢው አስቀድሞ ክዳኑን በሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ይፍቀዋል። በዚያ ፍቅታ ከጭረቱ ጋር የሚሄዱት የተቀረጹት መስመሮች ጠርዝ፣ የማንጠልጠያው ቀስት ላባዎች፣ እና ገዢው ፈልጎ የሚያየው ትንሹ የ1/10 12ኬ ማህተም ናቸው። ከቀረው 10 ማይክሮን የለበሰ ወርቅ ላይ ብዙው ተፍቆ፣ በምትኩ ምናልባት ግማሽ ማይክሮን ቅብ ይተካል። ማህተሙ ከተረፈም ከእንግዲህ የሚናገረው እውነት አይደለም።

ከንፈሩ ላይ ናስ ያሳየ ክዳን እንዳለ ይሸጥ። ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩ፣ የማንጠልጠያው ጫፍና ማህተሙ ለየብቻቸው፣ ብልጭታ ሳይበራ፣ በመስኮት ብርሃን ይነሱ። የተቀባ ከሆነ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ተቀብቷል ተብሎ ይጻፍ፤ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ የያዘ ገዢ ክብ የሆኑትን ጠርዞች አይቶ በአንድ ደቂቃ ይደርስበታል።